ገበያ ካለ መኪና አለ

ገሰራ ላይ «መኪናው ስንት ሰዓት ይነሳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ረዳቱ ሳይሰለች «አሁን እንወጣለን» ይለዋል፤ ሹፌሩ ግን ገና ሻይ ቤት ነው። የአገሬው ሰው ሰዓት አይጠይቅም። በመስኮት አጮልቆ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ያያል። ወንበሩ ገና ባዶ ከሆነ ጉዳዩን ሊጨርስ ይሄዳል፤ ሦስት አራት ሰው ብቻ ከቀረው ዘንቢሉን ለረዳቱ አቀብሎ ይገባል።

ከባሌዋ ሮቤ በስተሰሜን የምትገኘው ገሰራ የስንዴና የገብስ አገር ናት። በደቡብ ከሲናና፣ በምዕራብ ከአጋርፋ ትዋሰናለች። በሰሜን በኩል ሜዳው ሲያልቅ የዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ይጀምራል፤ ማዶው አርሲ ነው። ከፍ ያለ ሕክምና የሚፈልግ፣ የትራክተር መለዋወጫ የሚገዛ፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጁ ስንቅ የሚያደርስ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ሮቤ ያዞራል። ሁሉም ታዲያ ቀን ይመርጣል።

የሚመረጠው ቀን የገበያ ቀን ነው። እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ በባሌ ደጋም ገበያ የሚውለው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ አጎራባች ከተሞችም ቀናቱን ይከፋፈሏቸዋል። ነጋዴው ሸራውንና ሚዛኑን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፣ መኪናውም ነጋዴውን ተከትሎ ይዞራል። ባለመኪናው ነዳጅ የሚቀዳው ለሚሞላ መንገድ ነው። ስለዚህ በገበያ ዕለት ሃይሩፉ፣ አባዱላውና ቅጥቅጡ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ የሚጠብቀው ተሳፋሪው ነው። በዚህ አገር ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው እውቀት የየከተማው የገበያ ቀን ነው። ይህንን የያዘ ሰው ሌላ ካርታ ብዙም አይቸግረውም።

የገበያ ዕለት ጠዋት ከጎማው በፊት የሚሠራው ጣሪያው ነው። ከላይ ጆንያ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ተጠቅልሎ የታሰረ ፍራሽ፤ ከታች ሰው። አንድ ሽማግሌ በጋቸውን አቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። «ሐጂ፣ በጉን ከላይ ልጫነው?» ይላል ረዳቱ። «እኔን ከላይ ጫነኝና እሱን አስገባው፤ የሚሸጠው እሱ ነው» ይላሉ። መኪናው ሙሉ ይስቃል፤ በጉ ግን ከላይ ወጣ። ከዚያ የተለመደው ክርክር ይከተላል። ታሪፉ በደረጃና በኪሎ ሜትር የተሠራ ነው፤ ወረቀቱም መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የጆንያ ሒሳብ ግን የትም አልተጻፈም። ጆንያ ፊት ታይቶ ይተመናል፤ የባለቤቱ ፊት፣ የረዳቱ ፊት፣ የሰልፉም ርዝመት።

ክፍያው እየተለወጠ ነው። ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ይልካል፤ ረዳቱም «ገብቷል» ብሎ ያልፋል። አዛውንቶቹ አሁንም ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ይፈታሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚነሳው የትራንስፖርት ወሬ ሌላ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከሉና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይወራል። ገሰራ ላይ የቤት መኪና የብዙ ሰው ጭንቀት አይደለም። ጭንቀቱ ነዳጅ ሲጠፋ የዛሬው ሃይሩፍ ይመጣል ወይ የሚል ነው።

ሮቤ ለመድረስ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ጥንቃቄ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ነው። አርሲም ውስጥ ሮቤ አለ። መናኸሪያ ውስጥ «ሮቤ» ብሎ ብቻ ቲኬት የቆረጠ ሰው ሌላ አገር ሊያድር ይችላል፤ «ባሌ ሮቤ» ማለት ግድ ነው። ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሻሸመኔ ወይም በአሰላ በኩል ተመጥቶ፣ ዶዶላና አዳባ ታልፎ፣ ዲንሾን ተሻግሮ ሜዳው ላይ ይወረዳል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋው ይህ ሜዳ ሮቤን ሮቤ ያደረጋት ነው። የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ናት። ምክንያቱን ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያሻም፤ ጎባ ተራራው ሥር ተጠግታለች፣ ሮቤ ስንዴው መሀል ተቀምጣለች። መንገዱም፣ መጋዘኑም፣ በ1999 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ሜዳ ፈለጉ።

ከተማ ውስጥ ባጃጅና ጋሪ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ባጃጁ ሰው፣ ጋሪው ዕቃ፤ ክፍፍሉ እንዲህ ይመስላል፣ ግን ዝናብ ሲዘንብና ጎዳናው ሲጨቀይ ሰውም ጋሪ ላይ ይወጣል። ከገጠር የሚመጣው ደግሞ አሁንም በፈረስ ነው። ባሌና አርሲ የፈረስ አገር ናቸው፤ ሴቶችም ይጋልባሉ። ገበያው ዳር የታሰሩትን ያጌጡ ፈረሶች ያየ ሰው የዕለቱን ገበያ ስፋት መገመት ይችላል።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ፤ እዚህ ብንቆይ አይቆጨንም።

የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። አንዱ በልግ ላይ የሚዘራው ነው፣ የአካባቢው ሰው ገና ይለዋል፤ ሁለተኛው ቦና ይባላል፤ ክረምት ላይ ተዘርቶ በበጋ ይታጨዳል። ስንዴው የሚታጨደው በአብዛኛው በኮምባይነር ነው። ሜዳው ስለሚመች ኮምባይነሩ በኩንታል ሒሳብ እየተከራየ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ከሮቤ ብዙም ሳይርቅ በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ለዚህ ደጋ የሚስማሙ የስንዴና የገብስ ዘሮች ከዚያ ወጥተዋል። ከመካከላቸው «ሳነቴ» የሚባለው የዳቦ ስንዴ ስሙን የወሰደው ከጎባ በላይ ካለው አምባ ነው። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች በስንዴ ምርት ቀዳሚ ናት ሲባል ይህ ሜዳ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ግን ሱቅ ገብታችሁ መደርደሪያውን ተመልከቱ። ፓስታና ማካሮኒ በካርቶን ተደርድሯል፤ አብዛኛው አዳማ ወይም አዲስ አበባ የታሸገ ነው። ስንዴው በሲኖትራክ ወጥቶ በካርቶን ይመለሳል፤ የሁለት ጊዜ መጓጓዣ፣ የደላላና የጅምላ ሻጭ ትርፍ ተጨምሮበት። አገር ውስጥ ያለውን ግዙ የሚል ምክር ለዚህ ገበሬ እንደ ቀልድ ነው። ስንዴውን የሚያመርት ሰው ፓስታውን እሩቅ አገር እንዳለ ሰው የሚገዛበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። መጋዘን ሳይሆን ማቀነባበሪያ ነው የጎደለው፤ ይህን ባለሀብቱም፣ ዞኑም፣ ክልሉም የሚያውቁት ነገር ነው።

ስንዴውን ለነጋዴው ትተን እኛ ልንሸከም የምንችለውን እንይ። ነጭ ሽንኩርት አንዱ ነው። ከሲናናና ከጎባ ዙሪያ የሚመጣው ፍሬው ትልቅ፣ ሽታው ብርቱ ነው። በጣሳ ይሰፈራል፤ ሰፋሪዋ ጣሳውን ከሞላች በኋላ በእጇ ክምር አድርጋ ትጨምራለች። ምርቃቱ ነው። «አዴ፣ ምርቃቱስ?» ማለት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ያልጠየቀ ሰው ገበያ እንደማያውቅ ይታያል። ዋጋ ክርክርም አለ፣ ግን በልክ ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚከፍል እንግዳ ከኋላው ላለው ሁሉ ዋጋ ይሰቅላል፤ ግማሹን የሚጠራ ደግሞ ሻጯን ያስቀይማል።

ማር ሌላ ጉዳይ ነው። ከሳነቴ አምባ በስተደቡብ ያለው የሐረና ደን ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅልበት አገር ነው፤ ማሩ ወደ ጎባና ሮቤ ይወጣል። ማር ግን በመላ አገሪቱ የሚጭበረበር ዕቃ ሆኗል፤ ስኳር ይገባበታል። በክብሪት መለኮስ፣ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብ የሚባሉት ፈተናዎች ብዙም አይታመኑም። ከሁሉ የሚሻለው ከነእንጀራው መግዛት ነው። ሰፈፉ ያለበት ማር ለማጭበርበር ይከብዳል፤ ቤት ገብቶ ማጥለል ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ሰው ጀሪካኑን ወይም ባልዲውን ይዞ ይምጣ፤ ክዳኑንም ይፈትሽ፤ አውቶቡስ ውስጥ የፈሰሰ ማር ከጎረቤት ተሳፋሪ ጋር እስከ ሻሸመኔ ያነጋግራል።

ቡልኮም አለ፤ ወፍራም የጥጥ ልብስ። ብርዱን የቀመሰ ሰው ለምን እንደሚሸመን አይጠይቅም። የሐረና የጫካ ቡና ደግሞ ጀንፈሉ ጭምር ይገኛል። ይህ ቡና ማንም ሳይተክለው በደኑ ጥላ ሥር የሚበቅል ነው። ስሎው ፉድ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ልዩ ጥበቃ ከሚሰጣቸው የምግብ ምርቶች ውስጥ አስገብቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ በሚያምር ወረቀት ታሽጎ የሚሸጥበትን ዋጋ የሚያውቅ ሰው እዚህ በጣሳ ሲሰፈር ማየት ያስደነግጠዋል።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ሚኒባሱ ቶሎ ይሞላል፤ ተማሪ፣ ነርስ፣ ታማሚ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ሪፈራል ሆስፒታሉ ጎባ ነው፤ የገሰራ ታማሚ ሮቤ ደርሶ ጉዞው ላያልቅ ይችላል። ጎባ 2,700 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች፤ ከሮቤ ትቀዘቅዛለች፣ ጥድ ይበዛባታል፣ ከተማዋም ዝግ ያለች ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ከሮቤ ግርግር ወጥቶ ሻይ ለመጠጣትና ለመመለስ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ጎባ ላይ ግን አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው መኪና አለ፤ የደሎ መና መኪና። ቡና፣ ማንጎና ሙዝ ከቆላ ያመጣል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ስንዴ ይዞ ይወርዳል። የንግድ መኪና ነው። መንገዱ ግን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት የመኪና መንገዶች አንዱን ይሄድበታል። ከውጭ የሚመጣ ቱሪስት በብዙ ዶላር ላንድክሩዘር ተከራይቶ የሚያየውን፣ ሙዝ ልታመጣ የምትወርድ ነጋዴ በተራ ቲኬት፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ሆና ታልፈዋለች።

እንቅልፍ ያልወሰደው ሰው እንዲህ ያያል። ከጎባ እንደተወጣ ጥዱና ኮሶው ይመጣል፤ ቀጥሎ አስታው፣ መጀመሪያ ዛፍ ሆኖ በኋላ ቁጥቋጦ። ከዚያ ድንገት ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ሜዳ ይከፈታል። ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። በስተምዕራብ 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው፣ ቁመቱን ሰምቶ ሹል ጫፍ የሚጠብቅ ሰው ግን ጉብታ ነው የሚያገኘው። መሬቱ ላይ የሚሯሯጡት አይጦችና አንገታቸውን ብቅ የሚያደርጉት ግዙፍ ፍልፈሎች ናቸው፤ ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በስተቀር በዓለም የትም የለም። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እነዚህን እያደነ ነው። ቀን ስለሚያድን ከመኪና መስኮት ይታያል። በዓለም ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ቀርተዋል፤ ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ጨርሷቸዋል፤ በሽታውን የሚያመጣባቸው ከብት ጠባቂውን ተከትሎ የሚወጣው ውሻ ነው። ለዚህም ነው የውሾች ክትባት ለዓመታት ሲካሄድ የቆየው። የሚፈጥን መኪናም ይገድላቸዋል። ሹፌሩን «ቀስ በል ወንድሜ» ማለት እዚህ የተሳፋሪ ሥራ ነው።

አምባው ሲያልቅ መሬቱ ይወድቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ በደመና ውስጥ ይወርዳል፤ ብርድ የነበረው አየር ይሞቃል፣ ሪራ የምትባል መንደር ትመጣለች፣ ከዚያ ሐረና፣ በመጨረሻ ቆላው ደሎ መና። በአንድ ቲኬት ከውርጭ እስከ ማንጎ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን ሁሉ ይዞ ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሳው ውኃ ቆላውን ይዞ እስከ ሶማሊያ ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣል።

የሚገርመው ጎባና ሮቤ ተወልደው አድገው ሳነቴን ያላዩ ሰዎች ብዛት ነው። ጠይቁ፤ «አንድ ቀን እሄዳለሁ» ይሏችኋል። ሽርሽር የሚባለው ነገር ቤተሰብ ለመጠየቅ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለዝያራ ካልሆነ በቀር ከቤት መውጫ ምክንያት ሆኖ አልተቆጠረም። እንዲያውም የዚህ አገር ጥንታዊው ረጅም ጉዞ ዝያራ ነው። ወደ ቅዱሱ ስፍራ ድሬ ሼክ ሁሴን ከባሌ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ሰው ባላ ዘንጉን ይዞ በእግሩ ቀናት ይጓዛል፤ ዛሬም የሚጓዝ አለ። የሶፍ ኡመር ዋሻም እንዲሁ ነው። ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ ከጎሮ ወዲያ፣ የወይብ ወንዝ ተራራ ሰርስሮ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፤ የዋሻው መተላለፊያዎች ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የጸሎት ቦታ ነው፤ ጎብኚ የመጣው በኋላ ነው። ጫማ ማውለቅና ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚያስፈልግበትን ቦታ መንገድ መሪው ይነግራችኋል።

ጊዜ ለሌለው ሰው ዲንሾ ይበቃል። ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ዶዶላና ሻሸመኔ የሚሄድ ማንኛውም መኪና ያወርዳል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ የደጋ አጋዘን ለማየት ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም፣ ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ጥዱ ሥር ቆሞ ያያችኋል። መግቢያ ተከፍሎ፣ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር የግማሽ ቀን እግር ጉዞ ተደርጎ፣ ለምሳ ሮቤ ይደረሳል።

ከዲንሾ በላይ በወይብ ሸለቆ ፍንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰው 3,469 ሜትር ላይ እዚያ ይኖር እንደነበር አሳይተዋል። ተራሮቹ በበረዶ ግግር በተሸፈኑበት ዘመን ማለት ነው። የሚበሉት ያንን ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ነበር፤ ለስለት የሚሆነውን ባልጩት ከበላይ ካለው ከፍታ ያመጡ ነበር። የቀሩት አጥንቶችና ስለቶች በዚህ ተራራ ላይ ሰው ለዕለት ፍላጎቱ ሽቅብ ቁልቁል ማለት የጀመረው ትናንት እንዳልሆነ ይናገራሉ።

ወደ መመለሻው እንምጣ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም እኩል መመለስ ይፈልጋል። ጠዋት በታሪፍ የጫነው መኪና አሥር ሰዓት ላይ ሌላ ዋጋ ይጠራል፤ ሦስት በሚቀመጥበት ወንበር አራት ይቀመጣል። መንገዱ ፒስታ በሆነበት በኩል በክረምት ይዘገያል። በመሸ ጊዜ ዕቃዋን ሸጣ ያልጨረሰች ሴት በርካሽ ትጥላለች፤ መኪና ካመለጣት ማደሪያ ትከፍላለችና። ያተረፈችው ያን ዕለት ያልቃል። ይህን ነጋዴዎቹ ራሳቸው ሲነግሩ ቅሬታቸው ከመንገዱም ከዋጋውም በላይ በእርግጠኝነት ማጣቱ ላይ ነው፤ ይመጣል ይሆን፣ ይቀር ይሆን።

ገበያ በማይኖርበት ቀን ደግሞ ጉዳዩ ይከፋል። ነፍሰ ጡር፣ ቀጠሮ ያለው ታማሚ፣ ፈተና ያለበት ተማሪ ገበያ አይጠብቅም። መኪናው እስኪሞላ መናኸሪያ ይውላሉ፤ ካልሆነም የጭነት አይሱዙ ጋቢና ይለምናሉ፣ ወይም የባዶውን ወንበር ሒሳብ ተከፋፍለው ይከፍላሉ። ድሃ ሰው የሌላ ሰው ወንበር የሚገዛው በዚህ ቀን ነው።

ለዚህ አዲስ አስፋልት መጠበቅ አያስፈልግም። ስምሪቱ በመንግሥት እጅ ነው፤ መኪና በተራ የሚያሰልፈው፣ መውጫ የሚሰጠው መናኸሪያው ነው። ገበያ በማይውልባቸው ቀናት ከገሰራ ጠዋት አንድ፣ ከሮቤ ከሰዓት አንድ መኪና ሞላም አልሞላ በታወቀ ሰዓት እንዲነሳ፣ የጎደለው ወንበር ኪሳራም የገበያ ቀን ተራ በማስቀደም እንዲካካስ ማድረግ ይቻላል። ባለመኪኖቹ ተራው እውነተኛ ከሆነ አይጠሉትም። የዞኑና የወረዳው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ይህን በአንድ መስመር ሞክረው ያሳዩን፤ ሰዓቱንም በትልቁ ጽፈው ከታሪፉ ጎን ይለጥፉት።